የንጉሡ ቅባት

መሪጌታ ገሠሠ ሁሉን ጥለው ሲሰደዱ አንድ ነገር ብቻ አልጣሉም፤ ቁጣቸውን። በቅሏቸው በለሳ ላይ በውኃ ጥም ወደቀች። መጻሕፍታቸውን ዋሻ ውስጥ አስቀምጠው ደጁን በድንጋይ ገጠሙት። ወንድማቸውን ቀበሩ፣ ጎረቤታቸውን ቀበሩ፣ በመጨረሻ መቆፈሪያ ጉልበት ሲያጡ ሬሳ በጸሎት እየተሰናበቱ አለፉ። ቁጣው ግን ከበለሳ እስከ መተማ፣ ከመተማ እስከ ገላባት አብሯቸው ተጓዘ። ስንቅ ሲያልቅ እሱ አላለቀም። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። አገር ቤት ሜዳው በሰው አጥንት ሲነጣ፣ በከተማ የአብዮቱ በዓል ቀይ ጨርቅ ገና ከአደባባይ ያልወረደበት ዓመት።

ሱዳን ገብተው ያረፉበት ሰፈራ ከዶካ ከተማ ወዲህ፣ በገላባት መንገድ ዳር ያለ ጥቁር መሬት ነበር። ዝናብ ያጣው አፈር እግር እስኪውጥ ተሰነጣጥቋል። ጎጆው ሁሉ በማሽላ አገዳ የቆመ ነው። ከመካከል ሱዳኖች ራኩባ የሚሉት ሰፊ ዳስ አለ፤ በአዘቦት እህል ይታደልበታል፣ እሑድ ይጸለይበታል። ታቦት ስለሌለ ቅዳሴ የለም። ሆኖም መሪጌታ ቆመው መጽሐፍ ይተረጉማሉ፤ ከጎጃም የመጡት መምሬ ጋረደው ደግሞ ጸሎት አሳርገው መስቀል ያሳልማሉ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ካህን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መሪጌታ ቄስ አይደሉም። ድቁና ተቀብለው ነበር፤ የመጀመሪያ ሚስታቸው ሞታ ሌላ በማግባታቸው ቅስናው አመለጣቸው። በዕውቀት ግን ጎንደር ከወንበር ላይ ያስቀመጠቻቸው ሰው ናቸው፤ ይህንንም የማያውቅ ካለ ራሳቸው ይነግሩታል።

ጠቡ የተነሣው በወርኃ ጽጌ በአንዱ እሑድ ነው። መሪጌታ መልአኩ ለድንግል የነገራትን ይተረጉማሉ። የሚወለደው የአባቱን የዳዊትን ዙፋን ይወርሳል፤ ነቢያት ቀጠሮ የያዙለት ንጉሥ እሱ ነው፤ መሲሕ መባሉም ለዚህ ነው። ሕዝቡ ሆዱን በመቀነት ጠፍሮ ያዳምጣል። ንጉሥ ሲባል ብዙዎቹ የሚያስቡት የተከፈተ ጎተራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ትርጓሜው አለቀና መምሬ ጋረደው ለማሳረግ ተነሡ። በጸሎታቸው መካከልም፣ እንዳደጉበት፣ «በመንፈስ ቅዱስ ቅባት የከበረ ንጉሣችን» አሉ።

መሪጌታ ከተቀመጡበት እንደ ተወረወረ ዘንግ ብድግ አሉ። «ምን አልክ?»

«ያደግሁበትን አልሁ።»

«ያደግህበት ቤት ጣሪያው ያፈሳል!»

ሰው ሳቀ። መሪጌታ የሰው ሳቅ ሲሰሙ እንደ ፈረስ ይጋልባሉ። እሳቸው ያደጉበት ቤት ወልድ ሰው በሆነ ጊዜ በተዋሕዶ ከበረ ይላል። የመምሬ ጋረደው ቤት በቅባት ከበረ ይላል። ንጉሥ መሆኑን ሁለቱም ያምናሉ፤ ይመጣል ማለታቸውም አንድ ነው። የሚጣሉት ንጉሡ እንዴት ተቀባ በሚለው ነው፤ በዚሁ ጠብ ስንት ደብር ተለያይቷል፣ ስንት ሰው ተወግዟል። መሪጌታ የሊቃውንቱን ስም በተራ ጠሩ፤ «ንጉሡን የማያውቅ ካህን አለ?» ብለውም ጮኹ። መምሬ ጋረደው ቀስ ብለው፣ አንዳንዴም እየተንተባተቡ መለሱ። በመጨረሻ መስቀሉን ዘርግተው ቆሙ፤ መሪጌታ ክንዳቸውን አጣጥፈው ፊታቸውን አዞሩ። ኋላ የነበረው ሰው መስቀሉን አየ፣ መሪጌታን አየ፣ አንድ በአንድ ሳይሳለም ወጣ። ስለ ቅባትና ስለ ተዋሕዶ የሚያውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። የሚያውቀው ማን አብልጦ እንደ ጮኸ ነው።

መምሬ ጋረደው መስቀሉን በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉ። ማንንም ሳይሰናበቱ በዶካ መንገድ ሄዱ። ኋላ ሰው ከሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ቤት በግመል ነጂነት እንደ ተቀጠሩ ሲያወራ፣ መሪጌታ «ቅባቱ ቄስ ቅባት ቤት ገባ!» ብለው ሰፈራውን በሳቅ አፈረሱት። የተራበ ሰው በምንም ይስቃል።

ከመሪጌታ ጎጆ ቀጥሎ ያለችው የአሰፋች ጎጆ ናት። አሰፋች የበለሳ ልጅ ናት። ባሏ መተማ ላይ በተቅማጥ ሞተ፤ እሷ ገላባት ዛፍ ሥር ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ሰፈራው የደረሰችው መምሬ ጋረደው ከሄዱ በኋላ ነው። መሪጌታ ልጅ አልወለዱም። ጎጆዋን አገዳ ተሸክመው የሠሩላት እሳቸው ናቸው፤ ሲሠሩም ከአገዳው ጋር ሲጣሉ ይሰማ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን ተቀብለው ፀሐይ ያሞቁታል፤ እያሞቁም ይከራከሩታል።

«አንተ፣ ምን ታፈጥብኛለህ? መልስ ካለህ መልስ!»

ሕፃኑ ያዛጋል።

«አያችሁ? መልስ የለውም!» ይላሉ፤ አሰፋችም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ከባሏ ሞት በኋላ የምትስቀው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

የጽጌ ጾም ሊፈታ ሲል ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ከድንኳኑ ሐኪም ቤት የስኳርና የጨው ውኃ ተሰጣት፤ በማንኪያ ስታጠጣው ይመልሰዋል። ነርሷ ኢንቲሳር የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደ ተቆነጠጠ ቀረ። ነርሷ «አላህ ከሪም» ብላ አንገቷን ደፋች። አሰፋች ዐረብኛ አታውቅም፤ ያንን ግን ገባት።

መሪጌታ ሊያሞቁት ሲመጡ አልሰጠቻቸውም።

«የኔታ፣ አጥምቁልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ልጁን አጥምቁልኝ። አርባ ቀኑን የሚጠብቅልኝ አይመስለኝም።»

«እኔ ቄስ ነኝ? ክህነት የሌለው ሰው ቢያጠምቀው ውኃ ነካው እንጂ ተጠመቀ አይባልም! ፍትሐ ነገሥቱ…»

«ፍትሐ ነገሥቱ ይቅርብኝ። እንዲሁ ቢሄድ የት ነው የሚያድረው?»

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። ለዚህ ጥያቄ ሊቃውንቱ የሰጡትን መልስ ያውቁታል፤ አንድ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ሦስት ነው። አንዱም ለእናት የሚነገር ሆኖ አላገኙትም።

«ከገዳሪፍ ቄስ እናስመጣለን» አሉ።

«የገዳሪፉ ቄስ ወደ ከሰላ ሄደዋል ተብሏል። ቄስማ ነበረን፣ የኔታ። እርስዎ አባረሩት እንጂ።»

«ያ ሰው ትምህርቱ…»

«ያ ሰው ባሌን ያለ ፍትሐት አልቀበረውም!» አሰፋች ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምተዋት አያውቁም። «በሽታውን ፈርቶ ወንድሙ እንኳ ሲሸሸው እሱ ቆሞ ፈትቶታል። ንጉሡ እንዴት እንደ ተቀባ እኔ አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው ይመጣል ማለታችሁን ነው። መጥቶ ይህን ልጅ ‹የኔ ነው› ይለዋል ወይስ አይለውም? የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው።»

«ሴትና ነገረ መለኮት!» ብለው መሪጌታ እየተመናጨቁ ወጡ።

ጎጆውን ዞሩት። ደግመው ዞሩት። ቁጣቸው የሚያርፍበት ሰው ፈለገ። አሰፋች ላይ ሊያርፍ አልቻለም፤ ነርሷ ላይ አልቻለም፤ መምሬ ጋረደው ላይ ሊያሳርፉት ሲሞክሩ አንድ የማይፈልጉት ነገር ትዝ አላቸው። እሳቸው ድቁናቸውን የተቀበሉበት የጳጳስ እጅና ጋረደው ቅስናውን የተቀበለበት እጅ አንድ ነው። ውኃው አንድ፣ የክርስትናው መጽሐፍ አንድ፣ የሚጠራው ስም አንድ። ይህን ያን እሑድም ያውቁት ነበር። እንዲያውም በዚያ ዳስ ውስጥ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መንገድ ወጡ።

አብዱልናስር የወሎ ሰው ነው። ገላባት ሱቅ አለው፤ አሮጌ ሎሪውን እያንኳኳ ስኳርና ሻይ ከዶካ ያመላልሳል። መሪጌታን መንገድ ዳር ቆመው ሲያይ አቆመ።

«መሪጌታ! ይውጡ፣ ይውጡ። ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ሊጣሉ ነው?»

«ልታረቅ ነው የምሄደው።»

አብዱልናስር መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ያ ሰላም! ቂያማ ቀርቧል ማለት ነው።»

«መሪህን ያዝ፣ አንተ ሰው!»

«ይዣለሁ፣ ይዣለሁ።» ጥቂት ነዳና ነገሩን ሲሰማ ቀልዱን ቀነስ አደረገ። ግን ጨርሶ አልተወም። «መቼም እኛም ዒሳ ይመጣል እንላለን። ወርዶ በፍትሕ ይገዛል እንላለን። እናንተን ሳይ ግን እሰጋለሁ። ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ‹እንዴት ነበር የተቀባኸው?› ብላችሁ እንዳትይዙት።»

መሪጌታ መልስ ነበራቸው፤ መልስ አጥተው አያውቁም። መንገዱን አዩ። «ፈጠን አድርገህ ንዳ» አሉ ብቻ።

መጭመቂያ ቤቱ ከዶካ ገበያ ጀርባ ያለ ክዳኑ የጠቆረ ዳስ ነው። ከመካከሉ ከግንድ የተፈለፈለ ትልቅ ሙቀጫ ቆሟል፤ ዓይኑ በጨርቅ የታሰረ ግመል ዙሪያውን ይዞራል፤ ከሙቀጫው ሥር ዘይቱ ወርቅ መስሎ ወደ በርሜል ይንጠባጠባል። ከግመሉ ኋላ አንድ ሰው በትር ይዞ ይከተላል። ጥምጥም የለውም። ራሱን በማዳበሪያ ቅዳጅ ሸፍኗል፤ እጁ እስከ ክርኑ ያብረቀርቃል። መሪጌታ ያንን ሰፈራውን ያሳቁበትን ቀልድ አስታወሱት። ምላሳቸው ላይ መረራቸው።

«መምሬ» አሉ።

መምሬ ጋረደው ቀና ብለው አዩና መንገዳቸውን ቀጠሉ። «ግመሉ ከቆመ ባለቤቱ ይቆጣል። ልታነጋግረኝ ከመጣህ ተከተለኝ።»

መሪጌታ ተከተሉ። ግመሉ ፊት፣ መምሬ ኋላ፣ መሪጌታ ከሁሉ ኋላ ሆነው መዞር ጀመሩ።

«አንድ ሕፃን ታሟል።»

«እግዜር ይማረው።»

«የአሰፋች ልጅ ነው። መተማ ላይ ባሏን የፈታህላት።»

የመምሬ እግር ተደናቀፈ፤ ግመሉ ግን አልጠበቃቸውም። «ወለደች?»

«ወለደች። ክርስትና ፈልጋ ነው።»

«ታዲያ ካህን ፈልጉላት።»

«መጥቻለሁ እኮ!»

«እኔ ካህን ነኝ? ንጉሡን የማያውቅ ካህን አለ? ያልኸኝ እንዲህ ነው።»

«እኔ የተናገርሁት ስለ ትምህርቱ ነው! ሳሙኤል ዳዊትን በዘይት ቀባው፤ ያ ምሳሌ ነው። ምሳሌውን ከአማናዊው ጋር አንድ አድርገህ…»

«እኔ አንድ አላደረግሁም። ምሳሌው ቅባት ካለው አማናዊውም ቅባት አለው ነው ያልሁ።»

«አለው! ግን ምን አገኘበት? ያልነበረውን አገኘ ልትል ነው?»

«እንዲያ አልወጣኝም!»

«ከቃልህ ይከተላላ!»

ግመሉ ይዞራል፤ እነሱም ይዞራሉ። የመጭመቂያው ባለቤት ሐጅ ሙሐመድኑር ከጥላው ሆነው ሁለቱን ሐበሾች ያያሉ፤ ስለ ሰሊጥ ዋጋ የሚከራከሩ መስሏቸዋል። መሪጌታ እጃቸውን እያወራጩ ከኢሳይያስ ወደ መዝሙር፣ ከመዝሙር ወደ ጳውሎስ ዘለሉ። መምሬ መልሳቸው አጠረ፤ ቀጥሎ ቆመ። በትሩን መሬት ለመሬት መጎተት ያዙ። መሪጌታ አሸነፉ። ደስታው እንደ ልማዱ ከደረታቸው ተነሥቶ እስከ ጉሮሯቸው መጣ፤ እዚያ ሲደርስ ልጁ ሲያዛጋ ታያቸው።

ባሉበት ቆሙ።

ግመሉና መምሬ ዞሩ፤ ከማዶ በኩል ተመልሰው ሲመጡ መሪጌታ ከመንገዱ መካከል ተንበርክከዋል። ግመሉ አፍንጫውን ወደ ትከሻቸው ዝቅ አደረገና ቆመ።

«ተነሥ፣ ይረግጥሃል» አሉ መምሬ።

«መምሬ፣ መስቀልዎን ያሳልሙኝ።»

መምሬ ጋረደው በትሩን ጣሉት። «አልያዝሁትም» አሉ። «ከዚያ እሑድ ወዲህ አልያዝሁትም። ከእህሉ ከረጢት ጋር ጠቅልዬ አኑሬዋለሁ። እንዳንተ ያለ የተማረ ሰው እንዲህ ሲል እውነቱን ቢሆንስ ብዬ… ማታ ማታ ያጠመቅኋቸውን ሕፃናት አስባለሁ። ዓባይ ማዶ ስንቱን አጥምቄያለሁ። ሁሉንም ውኃ ብቻ ነክቷቸው ቀርቶ እንደሆነስ? ጸሎት ስጀምር ያንተ ድምፅ ይመጣብኛል።»

መሪጌታ በሕይወታቸው ብዙ ሰው ዝም አሰኝተዋል። ዝም ያሰኙት ሰው ከዚያ በኋላ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚሆን ግን ሰምተው አያውቁም ነበር።

«ካህን ነዎት» አሉ። «ስለ ቃሉ ዛሬም አልስማማም፤ ነገም አልስማማም። ክህነትዎን የነሣሁዎት ግን በሊቃውንቱ ቃል አይደለም። ሰው ሲስቅልኝ ነው። ካህን ነዎት፣ መምሬ። ያጠመቋቸው ሁሉ ተጠምቀዋል። ይሂዱ፣ መስቀሉን ያምጡልኝ፤ ካልሆነ ከዚህ አልነሣም፤ ግመሉም እንደፈለገ ያድርገኝ።»

መምሬ ከግድግዳው ጥግ ሄደው ከረጢት ፈቱ። መስቀሉን ሲያወጡ ከእሱ ጋር የታሰረች፣ ጣት የምታህል፣ በሰም የተደፈነች ብልቃጥ አብራ ወጣች፤ ከደብራቸው ይዘዋት የወጡት ሜሮን ነው። እጃቸው ዘይት ስለነበር መስቀሉን በቅዳጁ ጨርቅ ያዙት። መሪጌታ በግንባራቸውም በከንፈራቸውም ተሳለሙት።

«ያ ሐበሺ!» አሉ ሐጅ ሙሐመድኑር ከጥላው እየተነሡ። «ግመሉ ለምን ቆመ?»

«ሃዛ ቀሲስ!» ብለው መሪጌታ በዚያችው ባለቻቸው ዐረብኛ ጮኹባቸው።

«ቀሲስ?» ሐጁ መምሬን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። ከዚያ በአማርኛ ስብርባሪ፣ «ለምን አልነገርኸኝም? የእግዜርን ሰው ከግመል ኋላ ሳዞር ከረምሁ!»

«ካህንም ይርበዋል፣ ያ ሐጅ» አሉ መምሬ።

ሐጁ ራሳቸውን ነቀነቁ። አምባዝ የሚሉትን የሰሊጥ ፋጉሎ አምጥተው በመምሬ ነጠላ ጫፍ ቋጠሩላቸውና ግመሉን ራሳቸው መንዳት ጀመሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሕፃኑ ነበር። እየተነፈሰ ነበር ማለት ይሻላል። ነርሷ ኢንቲሳር ማለዳ መጥታ ጠብ ጠብ እያደረገች የስኳር ውኃ አጠጥታው ሄደች። ሰው ወሬውን ሰምቶ ከራኩባው ሥር ተሰበሰበ። መምሬ ጋረደው ሌሊቱን ሙሉ እጃቸውን በአመድ ሲያጥቡ አድረዋል፤ ሆኖም ጥፍራቸው ሥር ያለው ዘይት አልለቀቀም። ውኃው ከእርዳታ ሳፋ ውስጥ ነው። መስቀሉ ከፍ ሲል ሰው ወደ መሪጌታ ዞሮ አየ። መሪጌታ ፊት ቀድመው ተሳለሙ፤ ወደ ሕዝቡ ዘወር ብለውም «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው አምባረቁ። ሰው እየተጋፋ ተሳለመ።

«የክርስትና አባቱ ማነው?» አሉ መምሬ።

የክርስትና አባት ልብስ ያመጣል፣ ድግስ ይደግሳል፣ ልጁ ሲያድግ መንገድ ያሳየዋል። በዚያ ዳስ ውስጥ የሚያመጣው ያለው ሰው አልነበረም፤ ነገ ለሚቀበር ልጅ ዛሬ አባት መሆንም ያስፈራል።

«ማን ሊሆን ኖሯል?» አሉ መሪጌታ ተቆጥተው። «እኔ ነኛ! ልጁን ወዲህ በይው።»

አሰፋች ሰጠቻቸው። ክንዳቸው ላይ ክብደት አልነበረውም፤ ነጠላ ያቀፉ መሰላቸው።

ሥርዓቱ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን መካድ ነው። መሪጌታ ወደ ምዕራብ ዞሩ። በዚያው ሰዓት ከዚያው ከምዕራብ፣ ከገዳሪፍ በኩል፣ ዱራ የሚሉትን የእርዳታ ማሽላ የጫነ ሎሪ አቧራውን እያስነሣ ብቅ አለ። ሰው ተላወሰ። ጥቂቶች ጣሳቸውን ይዘው ሮጡ፤ ማን ይፈርድባቸዋል። መሪጌታ እጃቸውን ወደ ሎሪው ዘርግተው «ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ!» ሲሉ ከኋላ አንድ ሰው፣ «የኔታ፣ ቀስ ይበሉ! ዱራው ደንግጦ እንዳይመለስ!» አለ። አሰፋች እንኳ ሳቀች።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ ለማመን የሚዞሩት ወደዚያ ነው። ሳቁ ቆመ። በምሥራቅ በኩል ከገላባት ማዶ ተራራው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዱ ከዚያ ወዲያ የተወው ሰው አለው፤ የቀበረውም ያልቀበረውም። መሪጌታ ስለ ልጁ ሆነው ጸሎተ ሃይማኖትን ጀመሩ። ገና በሕፃንነታቸው ያጠኑት፣ እንቅልፍ ላይ ሆነው የሚደግሙት ነው። መምሬ ከጎናቸው በለሆሳስ አብረው ይላሉ። በቅባት ወይም በተዋሕዶ ከበረ የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። ዳግመኛ በክብር ይመጣል፣ ለመንግሥቱም ፍጻሜ የለውም ከሚለው ሲደርሱ የመሪጌታ ድምፅ ተቋረጠ። ልጁ ዓይኑን ገልጦ ያያቸው ነበር። መምሬ ቃሉን ብቻቸውን ይዘው ተጓዙ፤ እስኪመለሱላቸውም ሳይፈጥኑ ጠበቋቸው።

ደካማ በመሆኑ አልነከሩትም፤ በእጃቸው ሦስት ጊዜ አፈሰሱበት። ሁለተኛው ላይ ፊቱን አኮማተረ። መምሬ የብልቃጧን ሰም በጥርሳቸው አላቅቀው ወደ ታች ደፏት፤ የቀረችው የዝንብ እንባ የምታህል ነበረች። በጣታቸው ግንባሩን ነኩት፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ልቡን፣ እጁንና እግሩን። የነገሥታት ልጅ ይመስል ምንም ሳይዘሉ፣ ሳይቸኩሉ።

«ስሙ ገብረ መሲሕ ይሁን።»

«ገብረ መሲሕ» አለች አሰፋች አፏን ለማስለመድ። «ምን ማለት ነው?»

«ገብር አገልጋይ ማለት ነው» አሉ መሪጌታ። «መሲሕ ደግሞ…»

ቆሙ። መምሬም ሊናገሩ ከንፈራቸውን አላቅቀው ቆሙ። ተያዩ።

«ንጉሥ በላት» አሉ መምሬ።

«ንጉሥ ማለት ነው» አሉ መሪጌታ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ለጊዜው» ብለው ጨመሩ።

አሰፋች ልጇን ተቀብላ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀመጠች። ጡቷን ሰጠችው። መጀመሪያ ፊቱን አዞረ፤ ኋላ ያዘ፤ ጥቂት ሳብ ሳብ አድርጎ ተወ። አልመለሰም። ይኖር ይሆን፣ አይኖር ይሆን፣ በዚያች ሰዓት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሷ ግን የት እንደሚያድር ማወቅ የፈለገችውን አውቃለች፤ ትከሻዋ ወረደ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ ምሰሶው ተደግፋ ዓይኗን ከደነች።

ልጁን የክርስትና አባቱ ያዙት። መምሬ ጋረደው ከአምባዙ ቆርሰው ለመሪጌታ አቀበሉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አላመጡ።

«ያ የሳሙኤል ነገር ግን» አሉ መምሬ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ትናንት ግመሉ እያዋከበኝ ነው እንጂ መልስ ነበረኝ።»

«በል እስቲ። ቀስ ብለህ ተናገር ግን፣ ልጁ እንዳይነቃ።»

መምሬ ተናገሩ፤ በሹክሹክታ፣ ሳይንተባተቡ። ነገራቸው ረዘም ያለ፣ የተደራጀ ነበር። መሪጌታ ገና ከመካከሉ ሳይደርስ ስሕተቱን አዩት፤ ደማቸው ፈላ፤ ሊያፈርሱት ቀኝ እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ግን እጃቸው አልተነሣም። ልጁ በእንቅልፉ ጠቋሚ ጣታቸውን ጨብጧል። ጭብጡ የዝንጀሮ ግልገል ጭብጥ ያህል ጠንካራ ነው፤ ትናንት ይህ ጉልበት አልነበረውም።

መሪጌታ ጣታቸውን አላስለቀቁም።

«ቀጥል» አሉ። «እየሰማሁህ ነው።»